ከጋራው ሥር ያለው ቤት

ሚያዝያ 28

ዛሬም ልብስ አጥቤ ቤት ውስጥ አሰጣሁ። ቡራዩ ውጭ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ግራጫ ይሆናል። ከጓሯችን የብሎኬት ማምረቻው፣ ከፊታችን የመኪናው አቧራ...

ሀሴት ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት ተነሳች። የአስም ፓፏን አፏ ላይ ይዤ ነፋሁላት። ከንፈሯ ቀለሙ እስኪመለስ ስንቴ ጸለይኩ? አምስት ዓመቷ ነው፤ እንደ አሮጊት ትተነፍሳለች። ሐኪሙ ያለው ያው ነው፤ «ከዚህ አቧራ አውጧት»። ወዴት?

ራት ላይ ዲሪርሳ፣ «የአባቴ ቤት እኮ ባዶውን ነው» አለ። ሱሉልታን አልፎ ወደ ጫንጮ ሲኬድ፣ ከጋራው ሥር። «አየሩን ብታዪው...» አለ። አየር ይታያል እንዴ? ሳቅን። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ግንቦት 16

ገባን። አልጋው፣ ድስቱ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬ፣ ሁሉም አንድ አይሱዙ ላይ። ዲሪርሳ ብየዳ ቤቱ ውስጥ በገዛ እጁ የሠራውን የብረት በር ጭኖ አምጥቶ ሲገጥም ዋለ። ያምራል በሩ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ግን ጠንካራ። ከአስፋልቱ ይታያል። ሕፃኑን ልጃችንን አዶናይን አዝዬ ጓሮውን አየሁት፤ ጋራው ልክ ከጀርባችን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንገት ያሳምማል ሽቅብ ሲያዩት።

የዲሪርሳ አጎት ኦቦ ጃለታና ሚስታቸው አዴ ድንቅቱ ሊቀበሉን መጡ። ከጅረቱ ማዶ ነው ቤታቸው። «አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ አዴ ድንቅቱ። እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ይቺን ያህል ኦሮምኛ አለችኝ።

ኦቦ ጃለታ እኛን አላዩም። ጋራውን ነበር የሚያዩት። «ክረምቱን እኛ ጋ ብታሳልፉትስ?» አሉ። ዲሪርሳ ቶሎ ብሎ፣ «ቤት አለን እኮ፣ ኦቦ» አለ። ደግሞ እነሱ ጋ እሳቱ ከቤቱ መሀል ነው፤ ለሀሴት አይሆንም።

ሀሴት እስከ ጅረቱ ሮጣ ወርዳ ሮጣ ተመለሰች። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ጸጥ ያለ ደረት!

ሰኔ 3

ሳል የለም። ሳል የለም። ሳል የለም።

ሰኔ 21

ዝናቡ ገባ። ከቤቱ በላይ ያለው ዳገት ባሕር ዛፍ ነበረ አሉ፤ የዲሪርሳ አባት ካረፉ በኋላ ተቆርጦ አለቀ። አሁን ጉቶ ብቻ። ሲዘንብ ውኃው በጉቶዎቹ መሀል ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

በሩ አልዘጋ አለ። ዲሪርሳ ጠርዙን በሞረድ ሲፍቅ አረፈደ። የብረት በር ያብጣል እንዴ? «ጭቃ ቤት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሰምጣል» አለኝ።

ቤቱ አዲስ አይደለም እኮ። ይህን ግን አላልኩትም።

ሐምሌ 5

በሩ ለሁለተኛ ጊዜ። አሁን ደግሞ ከላይ በኩል ብርሃን ያስገባል።

ከሰዓት ሀሴት ከጓሮ ጠራችኝ። «እማ፣ ነይ! መሬቱ ይተነፍሳል!» ዳገቱ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ በሆዷ ተኝታለች። ስንጥቅ ነው። በዳገቱ አግድም ይሄዳል፤ እግሬ ይገባበታል። እጄን ስሰድ እውነትም ቀዝቃዛ አየር ወጣ።

ጎትቼ አወጣኋት። ጮኼባት መሰለኝ፣ አለቀሰች። ምን አጠፋች?

ሐምሌ 9

ኦቦ ጃለታ ጋ ሄድኩ። ስንጥቁን ነገርኳቸው። ቀና ብለው ጋራውን አዩ። ከዚያ...

«እኔ ለባልሽ በፋሲካ ነግሬዋለሁ እኮ።»

«ምን አሉት?»

«ዛፉ ከሄደ ወዲህ ጋራው ልቡ አይታመንም ብዬዋለሁ። ምንጩ ቦታውን ሁለቴ ቀየረ። ልጆች ይዘህ አትግባ ብዬዋለሁ። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም።

ማታ አፋጠጥኩት። ሲዋሽ ባገኘው ይሻለኝ ነበር። አልዋሸም። «አዎ፣ ነግሮኛል» አለ። «ልጄ ስትታፈን እኔም ነበርኩ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም ያየሽው። እዚያ እንደምትሞት ሐኪም ነገረኝ፤ እዚህ ጋራው ሊወርድ ይችላል አለኝ ሽማግሌ። የቱን ልፍራ? አንቺ ብትሆኚ የቱን ትፈሪ ነበር?»

ግን ለምን አብረን አልፈራንም? ለምን ብቻህን?

ሐምሌ 19

ቡራዩ፣ እህቴ አጸደ ጋ። ልጆቹን ይዤ መጣሁ። ተጣልተን አይደለም... እንጃ፣ ተጣልተን ነው። አጸደ፣ «እዚሁ ሁኑ፣ ቦታ አይጠፋም» አለችኝ።

ሐምሌ 21

ሀሴት ኦክስጅን ላይ ናት። ፓፉ አልያዘላትም። አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ እየገባ፣ እየወጣ... ዲሪርሳ ከሱሉልታ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንድም ጊዜ «አላልኩሽም?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 24

ተመለስን። አጸደ ራሷ ናት ዕቃዬን የሸከፈችው። «ውሰጃት» አለች፣ እያለቀሰች። «እዚያው ውሰጃት።»

አስፋልቱን ለቀን ወደ ቤት ስንታጠፍ ሀሴት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና በረጅሙ ተነፈሰች። በመጥፎ ቦታ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ሐምሌ 30

ዲሪርሳ ስንጥቁን በድንጋይ ሞላው። በማግሥቱ ድንጋዮቹ ጠልቀዋል። እንደገና ሞላው።

የምንጩ ውኃ ወተት እንደገባበት ሻይ ሆኗል። ከማድቤቱ ወለል ሥር ደግሞ ሌላ ውኃ ወጣ። ምንም ድምፅ የለውም፤ ይመጣል ብቻ።

ተስማምተናል። ኦቦ ጃለታ ከግቢያቸው ጥግ ቦታ ሰጡን፤ ከእሳቱ ራቅ ያለች አንዲት ክፍል እንሠራለን። ዲሪርሳ ቋሚዎቹን ተክሏል። ቆርቆሮው ቀርቷል። ዝናቡ ትንሽ ፋታ ይስጠን ብቻ።

በሩን አሁን አንዘጋውም። አልጋችንን ወደ ፊተኛው ግድግዳ አስጠግተነዋል። ምን እንደሚጠቅም እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።

ነሐሴ 6

ጠዋት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ፋታ አግኝቼ ነው።

የአዶናይን ጨርቆች ላሰጣ ወጣሁ። የልብስ ማስጫው ሽቦ ከቤቱ ማዕዘን እስከ አጥሩ ቋሚ ነው፤ ላልቶ ልብሱ መሬት እየነካ ሁሌ እነጫነጭ ነበር። ዛሬ ቀጥ ብሏል። እንደ ክራር ክር። ማን ወጠረው?

ዲሪርሳን ጠራሁት። በጣቱ ነካው። ሽቦው ጮኸ። ብረት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሽቦ በራሱ እንደማያጥር፣ የሄደው መሬቱ እንደሆነ ያውቃል። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«ልጆቹን ያዢ» አለ።

እየሄድን ነው።

ነሐሴ 23

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም... ግን ካልጻፍኩት ይደባለቅብኛል።

ጅረቱን ተሻግረን በስብሰን ኦቦ ጃለታ ቤት ገባን። አዴ ድንቅቱ ልጆቹ እንዲሞቃቸው ብለው እሳቱን አፋፍመውት ነበር። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ቤቱ ጭስ ብቻ። ሀሴት ጀመራት። ቦርሳውን ገለበጥኩት፤ ፓፉ የለም።

«መስኮቱ ላይ ነው፣ አይቼዋለሁ» አለ ዲሪርሳ። ተነሣ። ኦቦ ጃለታ ክንዱን ያዙት፤ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት። አስለቀቃቸው። እኔ አልያዝኩትም። ልጄ እጄ ላይ እየታፈነች ነበር።

ይዣት ወጣሁ፣ ጣሪያው ጠርዝ ሥር። አዴ ድንቅቱ እሳቱ ላይ ውኃ ደፉበት። ዝናቡ ፊቷን መታት። አንዴ ሳበች። ደግማ ሳበች። ቀስ በቀስ... መጣላት። ያለ ፓፉ መጣላት።

ከዚያ ሆኖ ቤታችን ይታያል። በሩ ላይ ደርሷል። ጮኽኩ። «ዲሪርሳ! ተሽሏታል! ተወው!» ዞረ። እጁን አነሣ። ፍጠን ያልኩት ነው የመሰለው። መጣሁ እንደማለት አድርጎ፣ ገባ።

ድምፁ ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና ይመስል ነበር። ቀና ስል ጉቶዎቹ እንደቆሙ፣ ሰልፍ እንደሆኑ፣ ወደ ታች ይሄዳሉ። ሣሩ ላያቸው ላይ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ፤ ሳይፈርስ፣ ሙሉውን፣ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ጋራው ላዩ ላይ አለፈ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ።

የሰፈሩ ሰው በአካፋ፣ በእጁ፣ በኋላ መንገድ የሚሠሩት ስካቫተር አምጥተው ቆፈሩ። ሲያገኙት ከቤት ወጥቶ ነበር። ከበሩ አልፎ ነበር። ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ፓፉ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነበር። አዴ ድንቅቱ አጥበው ሰጡኝ። ይሠራል።

ጳጉሜን 2

ሀሴት፣ «አባ ጋራው ውስጥ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን ጋራውን ታዪያለሽ?»

መስከረም 19

አጸደ ልትወስደኝ መጣች። «ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ቋንቋውን አታውቂ፣ ባልሽ የለ...»

ሀሴትን ጠርቼ፣ «ለአክስትሽ ተንፍሺላት» አልኳት። ተነፈሰችላት። አጸደ ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ በኋላ ስለ ቡራዩ አላነሣችም።

ዲሪርሳ ቋሚ የተከለላትን ክፍል ኦቦ ጃለታና ጎረቤቶቹ ጨረሷት። እዚያ ነን። ጋራው በዚህ በኩል ዝቅ ያለ ነው። ግን ሲዘንብ አሁንም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አንዳንድ ቀን በጣም እቆጣዋለሁ። ሳይነግረኝ ስላመጣን። ሳይነግረኝ ስለሄደ። እጄን ብዘረጋ እኮ ይደርስ ነበር...

ኅዳር 12

ጫንጮ ገበያ ውዬ መመለሴ ነው። የስፌት ሥራ ጀምሬያለሁ፤ ከአዴ ድንቅቱ ጋር በኦሮምኛ እንጣላለን፣ በኦሮምኛ እንታረቃለን።

ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። ከፊቴ ዶሮ የያዘች ወጣት ሴት ተቀምጣለች፣ አላውቃትም። ወደ መታጠፊያችን ስንቃረብ ቀና ብላ ለረዳቱ ጮኸች፦

«ዲሪርሳ ጋ ወራጅ አለ!»

የሰማሁት መስሎኝ ነው አልኩ። ረዳቱ ግን ጣሪያውን መታ አድርጎ ለሾፌሩ ደገመለት። «ዲሪርሳ ጋ!» ሾፌሩ ማነው እሱ አላለም። መኪናው አፈሩ ያቆመበት ጋ ደርሶ ቆመ። ሴትዮዋ ዶሮዋን ይዛ ወረደች። ናዳው ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ከብት ይግጥበታል።

ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲሳፈር፣ ሲቀጣጠር ይጠራዋል ማለት ነው... የማያውቁት ሁሉ።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አየኝ። «እርስዎስ፣ እናት? የት ኖት?»

አፌን ከፈትኩ። ከነሐሴ ወዲህ ጮክ ብዬ አልጠራሁትም ነበር።

«ዲሪርሳ ጋ» አልኩ። «እኔም እዚሁ ነኝ።»