ባዶ የተተዉት ሳጥኖች

መምህር አያና ዋቆ ከአባታቸው ከአቶ ዋቆ ገቢሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂቱ አመዩ በ1942 ዓ.ም. እጃጂ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን፣ ማስረጃቸው በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት በሚላት በአምቦ ተከታትለው፣ ከ1963 ዓ.ም. አንስቶ በጡረታ እስከተገለሉበት 2002 ዓ.ም. ድረስ እንግሊዝኛ አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፈትለወርቅ እንግዳወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሀናንና ናትናኤልን ወለዱ።

ባለሱቁ አብዱልከሪም ስኳር ከሚጠቀልልባቸው አሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች የክሮስወርዱን፣ የቃላት እንቆቅልሹን ገጽ ለይቶ ያስቀምጥላቸው ነበር። መምህር ሳጥኖቹን በፊደል ሲሞሉ ከሁሉ የሚያስቃቸው የጥንት እንግሊዞች የሀዘን ቃል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ባለሦስት ፊደሉ «ዎ»፣ ባለአራት ፊደሉ «አላስ»። ሰው ሞቶበት አራት ፊደል የሚበቃው ሕዝብ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም እያሉ በተማሪዎቻቸው ፊት ይቀልዱ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ናትናኤል በሃያ አንድ ዓመቱ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ድንኳኑ በተተከለ በሰዓታት ውስጥ የዕድራችን ዳኛ አቶ ፈዬራ፣ ከቢሮ ተደውሎልኛል ብለው አስነቀሉት። የሚያለቅሱትንም እናቶች ድምፅ ቀንሱ አሉ። ሰፈሩ ታዘዘ። እኛ ዘመዶቹም ታዘዝን። መምህር ብቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ «ኦቦ ፈዬራ፣ ድንኳኑ የዕድሩ ነው፣ ይውሰዱት። ለቅሶው ግን የዕድሩ ንብረት አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሀዘኑ ቃል ሲመጣ ሳጥኑን አይሞሉም ነበር። ቃሉ የጠፋቸው መስሎት ሊነግራቸው የሞከረውን አንድ የቀድሞ ተማሪያቸውን፣ አባትህ ሳይወለድ አውቀዋለሁ ብለው አባረሩት። ሀና ከአልጋቸው ሥር ያገኘችው የዘጠኝ ዓመት ገጽ ሁሉ ተሞልቷል፤ እነዚያ ሳጥኖች ብቻ ነጭ ናቸው። በእነሱ ላይ የሚያልፉት ሌሎች ቃላት እንኳ አንድ አንድ ፊደል ጎድሏቸው ቀርተዋል።

መምህር በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ሀናና ሁለት የልጅ ልጆች ቀርተዋል። ኑዛዜያቸው አጭር ነበር፤ ድንኳኑ ሦስት ቀን ሙሉ ይቁም፣ ማንም ድምፅ ቀንሱ እንዳይል።

ስለዚህ ዛሬ የሚለቀሰው ለሁለት ሰው ነው። የናትናኤልን ለቅሶ ዘጠኝ ዓመት ውጠን ይዘነዋል፤ ከዚህ በላይ አይያዝም። አምላክ የመምህርን ነፍስ ከልጃቸው ነፍስ አጠገብ ያሳርፍልን። አቶ ፈዬራ፣ ከፊት ቆመዋልና ከእርስዎ እንጀምር፤ ድምፅዎን አይቀንሱ።