ከመርዶው የቀደመው ፎቶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት

«ወንድሟ ሞተ ሲሏት አንዲት እንባ አላፈሰሰችም» እያሉኝ ነው። ስህተት ነው። አልቅሻለሁ። ከመርዶው በፊት በነበረው ቀን፣ ብቻዬን፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ።

ቅደም ተከተሉን ያዢልኝ፣ ማስታወሻዬ። ወንድሜ ጌታቸው አዲስ አበባ ዐረፈ። ዘመድ ተማከረ፤ እንደ ደንቡ እሑድ ማለዳ ሊያረዱኝ። ቅዳሜ የቤቲ የክፍል ጓደኛ መጣች። (ቤቲ የልጅ ልጄ፤ እዚህ ሰው አገር፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አብራኝ ትኖራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት።) ልጅቷ እጄን ይዛ «ፖሌ ሳና፣ ሾሾ» አለችኝ፤ በአገሩ ቋንቋ «አይዞሽ፣ አያቴ» ማለቷ ነው። ምን ሆንኩና ታጽናናኛለች? ስልኳን አሳየችኝ። የጌታቸው ፎቶ። ከሥሩ ሻማ። የለጠፈችው ቤቲ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የማላውቅ መሰልኩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ላሳፍራቸው? እንባው ግን አልቆ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ከምሳ በኋላ

ቤቲን አስቀምጬ ጠየቅኋት። አልዋሸችም። ገጹ ፕራይቬት ነው ትላለች። ዘመድ በሙሉ ተዘግቶበታል፤ እኔም፣ እናቷም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰውም። ታዲያ ማን ያያል? አብዛኞቹን በአካል አታውቃቸውም።

«ሾሾ፣ እነሱ እኮ አያውቁሽም። ምን ያደርጉሻል?»

ጓደኞቿም ሁሉ እንዲሁ ናቸው አሉ። እኛ ገመናችንን የምንሸፍነው ከውጭ ሰው ነበር። እነዚህ ከእናታቸው ሸፍነው ለመንገደኛ ይሰጡታል። ይህንኑ ነገርኋት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አለቀሰች። እኔ እንዳልሰማ እቤት እንዳታለቅስ ዘመዶች አስጠንቅቀዋት ነበር። የት ላልቅስ? አለችኝ።



ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት

እትዬ አስካለ፣ ታላቃችን፣ እዚሁ ከተማ ኢስትሊ ሰፈር ናት። ልቧ ደካማ። በቅርቡ ከሆስፒታል ወጣች። ሐኪሙ ትንሽ ትጠንክር ስላለ መርዶው አልተነገራትም።

ቤቲ ፎቶውን አጥፍታለች። ጓደኞቿ ግን አስቀርተውት ኖሮ መልሰው ለጥፈዋል። ዛሬ የእትዬ ጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ደርሷል። የነገረችኝ ራሷ ቤቲ ናት።

እትዬ ደወለች። የጌታቸው ስልክ ለምን አይነሣም? ኔትወርክ ነው አልኩ። ውሸት።  ከዚያ፦

«ጥቁር ለብሰሻል እንዴ?»

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁ። ለሐኪሙ ደወልኩ። ከስልክ ከምትሰማ ከሰው ትስማ፤ እኔም እገኛለሁ አለ።

ነገ መጀመሪያ፦ ጥቁሩን አወልቃለሁ፤ ከደጅ አይታ እንዳትረዳው። ቄሱን ከመንገድ እወስዳለሁ። ሐኪሙ ሳይደርስ በሯን አላንኳኳም። ቤቲ አብራኝ ትሄዳለች፤ ስልኳ እዚህ ይቀራል። እትዬ ስታለቅስ ቤቲም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳትውጥ ታልቅስ።