ሎሚን በለቀስተኛ መካከል ላስጋለቧት ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ ኃይለልዑል
የ«ሰባት ጀንበር ፊልም ሥራ» ባለቤትና የ«ሎሚ ፈረሰኛዋ» ፊልም ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔም፣ የሮቤ ብርድም፣ የጎባ ጭቃም ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ዓይንዎ ብቻ ጥቂት ሳያስቸግርዎት አይቀርም ብዬ እሠጋለሁ፤ መጽሐፉን ከፊታቸው አስቀምጠው ያንን ፊልም የሠሩ ሰው ዓይናቸው ጤነኛ ነው ብዬ ማመን አቅቶኛልና ምሕረቱን ያውርድልዎ።

እኅተማርያም እባላለሁ። ቤቴ ሮቤ፣ መሥሪያ ቤቴ ጎባ ነው። ጠዋትና ማታ በሚኒባስ ስመላለስ «ሎሚ ፈረሰኛዋ» የተባሉትን ሁለት የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ጠርዛቸው እስኪላላ አንብቤያቸዋለሁ። ሥዕሉንም ጽሑፉንም የሠራው የጎባው ጃርሶ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ በፊልምዎ ማብቂያ ላይ ስሙ ምሳ ካቀረበው ሆቴል ስም ቀጥሎ እልም ሲል አይቻለሁ። ስላስታወሱት ከልብ እናመሰግናለን።

መጽሐፉን ላላነበቡ ሁሉ፣ እርስዎንም ጨምሮ፣ ሎሚ የጎረቤታችን የሲናና ወረዳ ገበሬ ልጅ መሆኗን ባስረዳ ደስ ይለኛል። እንደ ማንኛችንም ስንዴ ስታጭድ ትውላለች፤ የፈረስ ሌባ መጣ ሲባል ግን ፊቷን በፎጣ ሸፍና ዳማ ፈረሷ ላይ ትወጣለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ለመረዳት የሚያስቸግር አይመስለኝም ነበር። አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ አገሩ። ታሪኩ የሚፈጸመው ጉም ፈረስን ከነጋላቢው በሚውጥበት ደጋ ላይ ሲሆን፣ እርስዎ ሎሚን ሐይቅ ዳር፣ ዘንባባ ሥር፣ ክንዷን አስገልጠው አቆሟት። እኛም ካፖርታችንን እንደ ለበስን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን ለእሷ በረደን። ስለ ርኅራኄያችን ምስጋና አንጠብቅም።

፪ኛ፦ ስለ ፎጣው። በሁለት መጽሐፍ ሙሉ፣ ስታጭድ ጀርባዋን፣ ስትጋልብ ፎጣዋን እንጂ የሎሚን ፊት አላየነውም። እናቷ እንኳ ልጅቷ ፈረስ ፈረስ እየሸተተች ስትገባ እያወቁ ስለ ሌላ ነገር፣ እኛ እንደምናወራው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያጫውቷታል። በእርስዎ ፊልም ግን ርዕሱ ከመጋረጃው ሳይጠፋ ፎጣው ወደቀ፤ ከሥሩ የወጣችው ልጅም እንደ ዜና አንባቢ ትናገር ጀመር። ስንዴ ስታጭድ ውላ ያንን የመሰለ ጥፍር እንዴት እንዳሳደገች ለሲናና ገበሬዎች ቢያስረዱልን ውለታዎ ብዙ ነው።

፫ኛ፦ ስለ ለቀስተኞቹ። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሎሚ ሌባውን ልትይዘው ክንድ ሲቀራት ከፊቷ ጀናዛ የተሸከሙ ለቀስተኞች ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ቀብር ሲያጋጥመው ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ ሟቹ እስኪያልፍ ይቆማል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ይወቀው አይወቀው አይጠይቅም። ሎሚም ወረደች፤ ሌባውም አመለጠ። ሁለተኛው መጽሐፍ የተጻፈው፣ ሦስተኛውና የመጨረሻውም የሚጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጃርሶ ይህን ከአየር ላይ አላመጣውም። በልጅነቱ አባቱን ሊቀብሩ ሲሄዱ፣ አንዲት የማያውቋት ሴት ከፈረሷ ወርዳ በዝናብ አንገቷን ደፍታ ቆማ አይቷል። ሎሚን የሣላት ያችን ሴት አስታውሶ ነው።

እርስዎ ግን ሎሚን በለቀስተኛው መካከል አስጋለቧት። ቃሬዛው ወደቀ፤ ሙዚቃው ደመቀ፤ ሎሚም ሌባውን አንቃ ሳቀች። እንድንስቅ የታሰበ መሆኑን የተረዳነው ከሙዚቃው ነው። ፊልሙ ሮቤ በታየበት ዕለት የጃርሶ እናት አዴ ጁሀራ የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ አዲስ ሻሽ አስረው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ተነሡና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ይሄ ሰውዬ ሞቶበት አያውቅም?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ፊልሙን ሊያስመርቁ መጥተው ከጎናቸው ቆመው ነበርና ሰምተዋል፤ ወዲያውም ስልክዎን መመልከት ጀመሩ።

፬ኛ፦ ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ጃርሶ ሎሚን መሣል ተወ። የሻይ ቤትና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ይሥል ጀመር፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ሎሚ አሁን የእርስዎ እንደሆነች፣ የሰፈሩ ልጆችም የሚያውቁት የፊልሟን ሎሚ እንደሆነ ነገረኝ። መጥፎ ፊልም አይቼ አውቃለሁ፤ ወጥቼ እረሳዋለሁ። የምወደውን መጽሐፍ መጨረሻ ስለ ነጠቁኝ ግን ይቅር አላልኩዎትም፤ ለማለትም አላሰብኩም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እርስዎ ረስተው ኖሮ ባለፈው ሰሞን ለሁለተኛው ፊልም ፈረስና ፈረሰኛ እንደሚፈልጉ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን እዚሁ ደጋ ላይ እንደሚቀርፁ በሮቤና በጎባ ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። እኔም አቅሜ በፈቀደ ልረዳዎት ብዬ በገበያ ቀን ከፈረስ ባለቤት ወደ ፈረስ ባለቤት ስዞር ዋልኩ። ያችን የቀብር ትዕይንት ላላዩት ሁሉ በስልኬ አሳየኋቸው። ውጤቱም አጥጋቢ ነው። የአብዱልመሊክ ፈረስ በድንገት ማነከስ ጀምሯል። የሠርከአዲስ ባዝራ አርግዛለች ተብሏል፤ ማርገዟን ከባለቤቷ በቀር ያየ የለም። የቀሩት ደግሞ ፈረሶቻቸው ጤነኞች እንደሆኑ፣ ለእርስዎ ግን ኮርቻም እንደማያከራዩ እንድነግርዎ ልከውኛል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኛዎቹ ለእርስዎ ሲሆን ማድረሱንም ትተውታል። ያ ሐይቅ ዳር የሞተር ጀልባ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ሎሚን በእሱ ቢያስጋልቧት ማንም አይታዘብዎትም።

የጀመሩት ሁሉ የመጀመሪያውን ፊልምዎን ያህል እንዲሳካልዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣ ቢኖረኝ ኖሮ ሳላወልቅልዎ የምቀር፣

እኅተማርያም
የሎሚ አንባቢ፣ ሮቤ

ማስታወሻ፦ ጃርሶ ብሩሹን አንሥቷል። ሮቤ በመጡ ጊዜ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት፣ ከጎንዎ ሆኜ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ወስጄ ሰጥቼው ነበር፤ አገላብጦ አየውና ወረቀት እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ሦስተኛው መጽሐፍ ለመስከረም ይደርሳል። ሎሚ ሌባውን ትይዘዋለች፤ በሰረቀው ፈረስ ላይ ፊቱን ወደ ጭራው አዙራ ገበያውን ሁሉ ታዞረዋለች። እስከ ዛሬ ያልታየው የሌባው ፊት መነጽርዎ፣ ጢምዎና የአገጭዎ ጠባሳ ሳይቀር ወጥቷል፤ አዴ ጁሀራ አይተውት ልጃቸውን ትንሽ አሳመርከው ብለው ወቅሰውታል። መጽሐፉን ወደ ፊልም መለወጥ ቢፈልጉ ጃርሶ በደስታ ይፈቅድልዎታል፤ ሌባውን እርስዎ ራስዎ፣ ያለ ሜካፕ፣ እስከ ተጫወቱት ድረስ።