መንግሥት እስኪፈቅድልኝ

ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ዳቦ ቤት ቆሜ ዋልኩ። ስወጣ በረዶ... የዓመቱ የመጀመሪያው። ቦቲ አላደረግኩም።
የዛሬ ቃሌ "ግራንት"። አውቶቡስ ላይ ሰው ትቶት በሄደ ጋዜጣ አገኘሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው፣ የማይመለስ ገንዘብ። የማይመለስ? እንግሊዝኛዬን ከዳቦ ከረጢትና ከመድኃኒት ወረቀት ለቃቅሜ ስለተማርኩ አንዳንዴ ራሴን አላምንም። ቅዳሜ ላይብረሪ ማብራሪያ አለ ይላል። ልሂድ?

ጥቅምት 8
ሄድኩ። አስተርጓሚዋ ሮሚ የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ግን ይጣፍጣል። ተራዬ ሲደርስ "ኦኬ፣ ይሄ ለአንቺ የመጀመሪያ ባለቤት ነው?" አለችኝ።
"አዎ፣ እሱም ገና ሽማግሌ አልላከም" አልኳት።
ሐበሻው ሁሉ ሳቀ። ለካ የቤት ባለቤት ማለቷ ነው! ልቤ ኪራኮስ ጋ ሆኖ... አውቶቡስ ነጂው፣ ሚስቱ ከሞተች ዓመታት ያለፉት፣ ራንድል ሰፈር የራሱ ቤት ያለው ኪራኮስ። "በጥር እንጋባ" እያለኝ ነው።
ሮሚ ስቃ ስትጨርስ ቁም ነገሩን ነገረችኝ። አግብቼ እሱ ቤት ገብቼ ከኖርኩ "ፈርስት ታይም" ገዢ መሆኔ ያበቃል። ግራንቱ ይቀራል። ያለ ግራንት ደግሞ እኔ ቤት አልገዛም።

ጥቅምት 16
ኤሪን ውድስ ሰፈር አንዲት ታውንሃውስ አየሁ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ። ምንጣፏ አስቀያሚ፣ ኩሽናዋ ጠባብ። ወደድኳት። ለምን?
ከእናቴ ቤት ወደ አክስቴ። ከአክስቴ ወደ አሠሪዎቼ። ከዚያ እዚህ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር፣ የሰው ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ። አሁን ደግሞ ወደ ባል ቤት?

ጥቅምት 23
ኪራኮስ ሽማግሌ ላከ! ሳይነግረኝ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገቡ፣ የቤዝመንቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነውና። ከሦስቱ ትልቁ፣ ጋሼ ደርበው፣ ኪራኮስን አሞገሱ፣ ቤቱን አሞገሱ፣ ጋራዡን ሳይቀር አሞገሱ። ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ለምን ሲሉኝ፣ መንግሥት እስኪፈቅድልኝ አልኩ።
"የኔ ልጅ፣ የካናዳ መንግሥት አባትሽ ሆነ እንዴ?"
"አባቴማ ቤት አልሰጠኝም፣ ጋሼ።"
ከአፌ አመለጠኝ። አንደኛው ሽማግሌ ሻዩ ትን አለው።
ሲሄዱ ኪራኮስ ደወለ። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት።
"ቤት አለን አይደል?" አለ።
"አለህ" አልኩት።
ቻው ሳይለኝ ዘጋው።

ጥቅምት 27
አልደወለም።

ጥቅምት 29
አልደወለም። እሱ የሚነዳው አውቶቡስ እንዳይገጥመኝ በሌላ መስመር ዞሬ ሄድኩ፣ ሥራ አረፈድኩ። ቤቱ ይቅር? አይ። እሱ ይቅር?... አይ።

ኅዳር 3
መጣ። በር ላይ እንደቆመ፣ "ሮሚን ሄጄ ጠየቅኳት" አለኝ። ችግሩ እኔ እሱ ቤት መኖሬ ነው ብላዋለች። እሱ እኔ ቤት ቢኖር ችግር የለም።
"የራንድሉን ላከራየው። አንቺ ቤት ብገባስ?"
ለሥራ ጓደኞቹ ነግሯቸው ኖሯል። ሴት ቤት ልትገባ ነው፣ ሻንጣህን ማን ይሸከምልህ እያሉ ሲቀልዱበት ሰነበቱ።
"ምን አልካቸው?"
"ቤቷ ጠባብ ነው፣ ለእናንተ ቦታ የለውም።"
ሳቅኩ። አለቀስኩም መሰለኝ።

ኅዳር 25
ተፈቀደ! ግራንቱም፣ የባንክ ብድሩም። ለጋሼ ደርበው ደወልኩ፤ መንግሥት እሺ ብሏል አልኳቸው።
"እንግዲህ ከመንግሥት ጋርም ተዛመድን" አሉ።

ጥር 17
ትናንት ተጋባን። ወጉ ይድረስ ብለን ሙሽራው ኤሪን ውድስ፣ አዲሱ ቤቴ መጣ። ሚዜዎቼ በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ፣ ተለመኑ፣ አስገቡት። ግራ የገባን ከዚያ በኋላ ነው። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጋሼ ደርበው ኮታቸውን ለብሰው፣ "አሁን ማንን ይዘን ነው የምንሄደው?" አሉ።
ማንንም። ሙሽራውን ትተውልኝ ባዶ እጃቸውን ሄዱ።
ዛሬ ጠዋት ኪራኮስ ደጁን ሲጠርግ ጎረቤታችን ቤቱን የገዛኸው አንተ ነህ ወይ አለው። የበረዶ አካፋውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ ቀሰረ። እጄን አወዛወዝኩ።
ቁርስ እኔ እሠራለሁ። ዛሬ እንግዳዬ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን በተራ።