ወተቴን ማን ወሰደው?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዝናብ። የልጅ ጨርቅ ማሞቂያው ላይ አስጥቼ ቤቱ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ካሊና ሦስት ሳምንት ሞላት። ጠባች፣ አገሳች፣ ተኛች።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ስቴፍካን ደረጃው ላይ አገኘኋት። አራተኛ ፎቅ ናት። ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተናል፤ የወለድነውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሁለታችንም ልጅ እንደታቀፍን ተሳስቀን ተለያየን። ሰው ማናገር እንዴት ደስ ይላል...

ባሌ ስቶይል ከጀርመን አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ደብዳቤ መጣ። ፋብሪካው ከቡልጋሪያ ሊወጣ ነው። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ የምመለስበት የለም ማለት ነው። ካሊናን እያጠባሁ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስቶይል ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ወተቴ ነጠፈ። ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ፊቷ ቀልቶ ትጮሃለች።

አማቴ ከመንደር ባኒጻ፣ አይብ ያለበት ጥቅል መጋገሪያ፣ ይዘው መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ጀመሩኝ።

"ከማን ጋር ተገናኘሽ?"

"ከማንም... ከስቴፍካ ጋር ብቻ።"

"አርባ ቀን ሳይሞላችሁ? መርፌስ ተለዋወጣችሁ?"

"ኧረ እማማ፣ ደረጃ ላይ መርፌ ከየት ይመጣል?"

"በይ እንግዲህ፣ ይዛብሽ ሄዳለች። አራስ ከአራስ ስትገናኝ መርፌ ካልተለዋወጠች አንዷ የሌላዋን ወተት ይዛ ትሄዳለች። ስንቴ ልንገርሽ?"

እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ነበር። አሁን ምን ልበል? ባኒጻውን ብቻዬን በላሁት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 10

ስቴፍካ አንኳኳች። "ዝላትካ፣ አለሽ?" ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። እስክትሄድ ድረስ። ልጇ በኔ ወተት እየወፈረ ይሆናል... እንዲህ ማሰቤ ራሴን አስጠላኝ። ግን አሰብኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ጤና ጣቢያ። ካሊና ከስታለች። "እስከ ሰኞ ኪሎ ካልጨመረች ሆስፒታል እናስገባታለን" አለች ነርሷ። ቀጥላ፣ "ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው አለ?"

"አዎ፣ ሁሉም ደህና ነው።"

ለምን ዋሸሁ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ካሊናን ታቅፌ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ወተቴን መልሺ ልላት።

ስቴፍካ ከፈተች። ጸጉሯ አልተበጠረም፤ ልጇ ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"በመጨረሻ መጣሽ? በይ መልሺልኝ።"

"ምኑን?"

"ወተቴን ነዋ! ከዚያ ቀን ወዲህ ጠብ አይልም። እሁድ መጥቼ እያወቅሽ ዘጋሽብኝ።"

"አንቺ ጋ አይደል እንዴ ያለው?"

"እኔ ጋ ቢኖር ይሄ እንዲህ ይጮህ ነበር?"

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ አለቀስን፣ ልጆቹም አለቀሱ። ጠረጴዛዋ ላይ ያው የፋብሪካው ደብዳቤ ተቀምጧል። ባሏ ተጣልቷት እናቱ ጋ ከሄደ ሳምንቱ ነው። እኔም ስለ ስቶይል ነገርኳት። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። መርፌውንም ለማንኛውም ተለዋወጥን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ቀኑን እሷ ቤት እንውላለን። አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ሁለቱንም ትይዛለች። የባቄላ ሾርባ፣ እንቅልፍ፣ ሐሜት። ካሊና ዛሬ ጡቴ ላይ ብዙ ቆየች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ካሊና ጨምራለች። ጥቂት ነው፣ ግን ሆስፒታል ቀረ። ስቶይል እስካሁን ድምፁ የለም። ሥራ በዝቶበት ነው ማለቴን ትቻለሁ።

የስቴፍካ ወተት ገና በደንብ አልተመለሰም። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሳለን ልጇ አለቀሰ፣ ወዲያው የኔ ሸሚዝ በወተት ራሰ። በሌላ ሰው ልጅ ልቅሶ! አፈርኩ፣ በሻርፕ ልሸፍነው ስል ስቴፍካ አየችኝ። ካሊናን ከእጄ ወሰደችና ልጇን አስታቀፈችኝ።

አጠባሁት።