የአቶ ሊባኖስ ኃይሉ የሕይወት ታሪክ፤ «ቤቲ» ስለተባለችውም

አቶ ሊባኖስ ኃይሉ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሉ ወልደአምላክና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዕንቁ ደስታ በ1951 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ካጠኑ በኋላ በመምህርነት አገልግለዋል። በ1978 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ህንድ ሄዱ።

የመመረቂያ ጥናታቸው አራት መቶ ያህል ሰው በሚኖርባት ቤልፓሪ በምትባል የገጠር መንደር የሕዝብ ብዛትና መጓጓዣ ላይ ነበር። ለመንደሯ ቅርብ የተባለው አውቶቡስ የሚገኘው ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ ነበር። ነዋሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞረ «ስንት ናችሁ?» የሚለውን እንግዳ ለግብር የተላከ ነው ብለው ስለጠረጠሩ ወንዶች ልጆቻቸውን ይደብቁበት ነበር። አቶ ሊባኖስ ግን «አሰላም ቢሆን ልጅ አይቆጠርም» እያሉ አልተቀየሟቸውም። ጥርጣሬው የቀለለው፣ ያረፉበት ቤት ጌታ የራሜሽ ሚስት ምጥ የያዛት ቀን ነው። በአልጋ ተሸክመው ወደ ዋናው መንገድ ሲወስዷት አቶ ሊባኖስ አንዱን ጫፍ ያዙ። አውቶቡስ ሳይመጣ ሕፃኗ ሱኒታ መንገድ ዳር ተወለደች። ከዚያ በኋላ የተደበቁት ልጆች ወጥተው ተቆጠሩ። መንደሯም ጥናቱን አስረጂ አድርጋ አውቶቡስ ጠየቀች፤ አውቶቡሱ የገባው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከፅጌ ጋር ተጋብተው ማቲንና ዮሐናን ወለዱ። በ1991 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ፤ ኋላም ወደ አሌክሳንድሪያ ተዛወሩ። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። መካኒክ አይቶታል ቢባሉም ፍሬኑን ራሳቸው ሳይፈትሹ የማይነሱ ሰው ነበሩ።

ዛሬም የሚያንሾካሹክ ስላለ አንድ ነገር እዚህ መጻፍ ግድ ሆኗል። አቶ ሊባኖስ በእረፍት ሰዓታቸው ህንድ ይደውሉ ነበር። ይህን የሰማ የሥራ ባልደረባቸው አብርሽ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ቤቲ የሚሏት ደግሞ ማን ናት? እትዬ ፅጌ ያውቋታል?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ በአቅራቢያው ስፕሪንግፊልድ ያሉ ወገኖች ዘንድ ሲደርስ ቁም ነገር ሆነ። አንዲት እህት ለፅጌ ደውለው፣ «እኔ የለሁበትም፤ ግን ባልሽን ጠብቂ» አሏት። ፅጌ አቶ ሊባኖስን ስትጠይቃቸው፣ «ቤቲ ስሟ አይደለም፤ በእነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው» ብለው መለሱ። መልሱ ነገሩን አባሰው። ወዳጅ የተባለችው ሴት የተደበቀች ልጅ ሆና አረፈች። ማቲ እንኳ ለወራት አባቱን በአጫጭር እንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚያናግረው።

በ2011 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ አብረው ቤልፓሪ ሄዱ፤ እስከ መንደሯ መግቢያም በአውቶቡስ ደረሱ። በስልክ «ቤቲ» የሚሏት፣ ነርስ የሆነችው ሱኒታ ከአባቷ ጋር ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ጆሮዋ ሳይቀር ቁርጥ ራሜሽን ናት። ፅጌ ፊታቸውን እያፈራረቀች ስታይ አቶ ሊባኖስ ሻንጣዋን ተቀበሏት። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ጥያቄ አልተነሣም።

አቶ ሊባኖስ ባደረባቸው የቆሽት ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተዋል።

በማግስቱ ምንም ያልሰማችው ሱኒታ ደወለች፤ ስልካቸውን ያነሣችው ፅጌ ናት። እንደ እሳቸው «ቤቲ» ብላ ጠራቻት። ልጅቷም ያን ጊዜ ማረፋቸውን አወቀች።

የሰውን ልብ ሳይጠረጥር የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ የቀረነውንም ያጽናን።