ባለቤቴን ለሦስተኛው የመሠረት ድንጋይ ስለመጥራትዎ

ለተከበሩ የካንሰር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ግንባታ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ ከተማ መታመም እንደማያዋጣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና።

እኔ ሰበታ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ ሩዋይዳ የጡት ካንሰር ይዟት የጨረር ሕክምና ወረፋ እየጠበቀች ነው። ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ተደውሎ፣ መንግሥት ለማዕከሉ የሚያደርገውን ድጋፍ አጠናክሮ በመቀጠሉ የመሠረት ድንጋዩ እንደገና እንደሚቀመጥ፣ ሩዋይዳም ሕሙማንን ወክላ ከጎንዎ እንድትቆም እንደተመረጠች ተነገረን። ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለመጀመሪያው ድንጋይ አመሰግናለሁ። ያኔ ከነበሩት ኃላፊ ጋር አካፋ ይዘው የቆሙት፣ የጎረቤታችን የተጂ ከተማ ገበሬ ኦቦ ዲሪባ ነበሩ። የማዕከሉ የመጀመሪያ ታካሚ እንደሚሆኑ በድምፅ ማጉያ ቃል ሲገባላቸው ሁላችንም አጨበጨብን። ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ እሳቸው የሉም።

ሁለተኛ፣ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ድንጋዩም መቀየሩን አደንቃለሁ፤ የሌላ ሰው ስም በተቀረጸበት ድንጋይ ላይ ሆስፒታል እንዴት ይቆማል? በሁለተኛው ድንጋይ ጊዜ ሪባን የያዙት ጎረቤቴ ወይዘሮ ማሪቱ ነበሩ። ለለቅሷቸው የሚሆን ፎቶ ስናጣ የዚያን ቀኑን ፎቶ ከግድግዳችሁ አውርዳችሁ ስለሰጣችሁን ውለታችሁን አንረሳም።

ሦስተኛ፣ የግንባታ ቦታው የቆርቆሮ አጥር በየጊዜው ቀለም ይቀባል። ከውስጡ እስካሁን የበቀለው ሣር ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ስልኩ ከተደወለ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ማለት ከብዶት፣ ሩዋይዳን ዓይን ዓይኗን አይቶ ይወጣል። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለፎቶ ከምትቆምላችሁ ወረፋዋን ብታቀርቡላት ምን አለበት? ጥያቄውን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ስለዚህ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ባለቤቴ በበዓልዎ ላይ አትገኝም። ከጎኗ መቆም ከፈለጉ ግን በዚያው ቀን አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል በር ላይ ተሰልፈን ስለምንገኝ በታላቅ አክብሮት ጋብዘንዎታል።

ለስምዎና ለድንጋይዎ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ፣ የማዕከሉ የወደፊት ጎረቤት፣
ኡዘይር ከድሩ
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ሴት ልጃችን ጁማና ሰሞኑን ብብቷ ሥር እብጠት አግኝታለች፤ የምርመራው ውጤት ገና አልደረሰም። ለአራተኛው ድንጋይ ሲደውሉ፣ ስልካችን ያው የበፊቱ ነው።